የእማማ ዘሀራ ራጅ

ቆቦ ተመድቤ ራጅ አነሳ በነበረበት ጊዜ ነው። እማማ ዘሀራ የሚባሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት «ሆዴ ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ» ብለው መጡ።

ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሳሁት። ጭንቅላት፣ የጀርባ አጥንት፣ የታጠፉ እግሮች። ልጅ! በዚህ ዕድሜ? የሌላ ሰው ፊልም መስሎኝ ደግሜ አነሳኋቸው። ያው ነው። ሽሉ ከማኅፀን ውጭ አድጎ፣ እዚያው ሞቶ፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል። በትምህርት ቤት ስሙን ሰማሁ እንጂ መልኩን አላየሁትም ነበር።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «እማማ፣ ድሮ... አርግዘው ሳይወልዱ የቀሩበት ጊዜ ነበር?» አልኩ እየተንተባተብኩ።

ትክ ብለው አዩኝ።

«ምጥ ይዞኝ፣ ሳልወልድ ጠፋ። ጎረቤቶቼ ገንፎ አገንፍተው ይጠብቁ ነበር። ባሌ "ሆድሽ ላይ ጨርቅ አስረሽ አታለልሽኝ" ብሎ ፈታኝ። ሴቶቹም "ገንፎውን በላን፣ ልጁስ?" እያሉ ሲስቁብኝ ኖሩ።»

ፊልሙን አሳየኋቸው። ያለቅሳሉ ስል ጭንቅላቱን በጣታቸው ዳሰሱትና «አልሃምዱሊላህ» ብለው ፊልሙን ከእጄ ወሰዱት።

«ኧረ ሐኪሙ ሳያይዎት የት ሊሄዱ ነው?»

«ዛሬ ገበያ አይደል? ያ የፈታኝ ሰውዬ ከዋጃ መጥቷል። ልጁን አሳይቼው እመለሳለሁ።»