የጎደለው ዓይን

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ሥዕል ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ የድሮው የመሐል ሜዳ ትምህርት ቤታችን ትዝ አለኝ።

ተማሪው እየቀረ ክፍሎቹ ባዶ ሊሆኑ ሲሉ ቀለምና ብሩሽ የያዘ ወጣት መምህር መጣልን። ሰው በጎኑ እንዴት እንደሚሣል አሳየንና "የምትወዱትን ሰው ሣሉ" አለን። ይህ ሲወራ የቀሩት ልጆች አንድ በአንድ ተመለሱ። እኔም አያቴን በርኖሳቸውን እንደደረቡ ሣልኳቸው።

አያቴ ቄስ ነበሩ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት።

"ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?"

"በጎን ሲታዩ አይታይም፣ አባባ።"

"ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የተሣለው ማነው?"

"ሰይጣን" አልኩ።

በነጋታው እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሩ ፊት ተቀምጠው "በል፣ እኔን ሣለኝ" አሉት። ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን አድርጎ ሣላቸው። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

"አየሽ፣ ያውቃል" አሉኝ ወደ ቤት ስንመለስ። "ለእኔ ሁለት ዓይን ሣለ፣ ለእናንተ ግን የሰይጣኑን አንድ ዓይን አስተማረ። ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር።"

ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤቱን ደጅ አልረገጥኩም። መምህሩ ክፉ ሰው አልመሰለኝም ነበር፤ ዛሬም አይመስለኝም።

"እማማ፣ ይህቺ እኮ አንቺ ነሽ" አለችኝ የልጅ ልጄ።

በጎን የተሣለውን ፊቴን አየሁት። ሌላው ዓይኔ እዚያ ያለ ይመስል ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

"ማነው ያስተማረሽ?" አልኳት።