«ነጻ ሰርቪስ» ተብሎ የተደበቀው የፍሬን መብራት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በኅዳር ልደታ ዕለት ጠዋት ነው። ጊዜው ሲርቅ ይበርድልኛል ብዬ ነበር። አልበረደልኝም። ያን ዓይነት መኪና ከፊቴ ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሳብኛል፤ ቢወጣልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ተማሪ ማመላለስ ነው። በራሴ ሚኒባስ የአብነት ሰፈር ልጆችን ከየደጃቸው እየለቀምኩ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እመልሳለሁ። ሚኒባሴ አሮጌ ናት፤ ማንም እሷን አይቶ ልጁን አይሰጠኝም። «ሰናይት ከያዘችው ልጄ በሰላም ይገባል» መባሉ ነው እንጀራዬ።

በዚያ ጠዋት ልደታ ማርያም አጠገብ መንገዱ በነጠላ ለባሽ ተሞልቶ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሁሌም እንደዚያ ነው። ተሳላሚው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ይቆማል፣ ጧፍ ሻጮቹ አስፋልቱን ይይዙታል፣ መኪናው በመሃል እየተሽሎከለከለ ያልፋል። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ከፊቴ ነጭ፣ አዲስ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች። ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። አንድ እናት መንገድ ሲያቋርጡ መኪናዋ ድንገት ቆመች፤ ከኋላዋ ግን ምንም ቀይ መብራት አልበራም። ፍሬን እስክይዝ ገጨኋት።

ግጭቱ ከባድ አልነበረም። ግን ከጫንኳቸው ልጆች መካከል ገና አንደኛ ክፍል የገባችውን ሐያትን ከፊቷ ያለው ወንበር ብረት ቅንድቧን መታት። ዞር ስል ፊቷ በደም ተሸፍኗል። አቅፌያት፣ ቅንድቧን በሻሼ ይዤ ወረድኩ።

ከፊተኛው መኪና አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወረዱ። አቶ ሙሉጌታ እንደሚባሉና ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆኑ ያወቅኩት በኋላ ነው።

«የፍሬን መብራትዎ አልበራም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መኪናዋ እኮ አዲስ ናት» አሉኝ። ተመልሰው ገቡና ፍሬን ረገጡ። በራ። ደግመው ረገጡ። በራ። የከበበን ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ስልክ ስትነካካ ይሆናል» አለ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ማን ይሰማኛል?

በእኛ ከተማ መኪና ሲጋጭ ትራፊክ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ላይ ችሎት ይሰየማል። ዳኛው መንገደኛው ነው፤ ሕጉም አንድ ነው፣ ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው። ከኋላችን የታክሲዎቹ ክላክስ ጆሮ ያደነቁራል። አንድ ጋቢ የደረቡ አባት ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ በቀኗ ክርክር አያምርም። ጥፋቱ የኔ ነው በይና ተስማሙ። መንገዱም ይከፈት፣ ሕፃኗም ትታከም» አሉኝ።

ሐያት ጉያዬ ውስጥ ሆና ታለቅሳለች። ሻሼ ርሷል። እውነቴን ይዤ ልከራከር ወይስ ልጅቷን ላሳክም? «እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

አቶ ሙሉጌታ፣ «የኔን እኔው አሠራዋለሁ፣ አንቺ ልጅቱን አሳክሚ» አሉኝና ስልክ ተለዋወጥን። ሰዉ እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል እያለ መረቃቸው። እኔ ምሕረት የተደረገላት ጥፋተኛ ሆኜ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ።

የሐያት እናት ዘይነባ ትባላለች። አብነት ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ስደውልላት ሱቋን ሳትዘጋ እየሮጠች ክሊኒክ መጣች። ልጇ ቅንድቧ ሲሰፋ እጇን ይዛ ቆመች። አመሻሽ ላይ ደወለችልኝ።

«ሰናይት፣ በገዛ አፍሽ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሻል አሉ። ካሁን ወዲያ ሐያትን እኔው በእግሬ አደርሳታለሁ።»

ስለ መብራቱ ልነግራት ሞከርኩ። «አብርተው አሳይተውሻል አሉ እኮ» አለችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ ወላጆችም አንድ በአንድ በዘዴ ተሰናበቱኝ። አንዷ «ልጁ በእግሩ መሄድ ይወዳል» አለችኝ። ያ ልጅ ከደጃቸው እስከ ሚኒባሴ ያለችውን እርምጃ እንኳን እያለቀሰ ነበር የሚራመደው።

እናቶቹ ላይ መናደድ አልቻልኩም። ልጄ ብትሆን እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ከሁሉ የባሰው ግን እኔው ራሴ መጠራጠር መጀመሬ ነው። መብራቱ በርቶ ይሆን? ሳላየው ቀርቼ ይሆን? ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል የገዛ ዓይን ይከዳል። ይህን ያደረጉብኝን፣ በኋላ የደረስኩባቸውን ሰዎች ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

የገና በዓል ሲቃረብ አቶ ሙሉጌታ ደወሉ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

«ልጄ፣ ያልሽው እውነት ነው። ወንዱ ልጄ ከኋላዬ እየነዳ ነበር፤ አባባ፣ ፍሬን ስትይዝ መብራትህ አይበራም አለኝ።»

መኪናዋን ወዲያው ወደ ገዙበት ድርጅት ጋራዥ ወስደዋት ኖሯል። እዚያ ያሉት ሰዎች ምንም አልገረማቸውም። ከፍሬን ፔዳሉ ሥር ያለው፣ መብራቱን የሚያበራው ስዊች አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ፋብሪካውም በዚህ ምክንያት እነዚያ መኪኖች በሙሉ ተጠርተው እንዲስተካከሉ ካዘዘ ቆይቷል። «ለእርስዎም ተደውሎልዎት ነበር እኮ» አሏቸው።

እውነትም ተደውሎላቸዋል። ከግጭቱ በፊት ከድርጅቱ አንዲት ልጅ ደውላ፣ «ለውድ ደንበኞቻችን ነጻ ሰርቪስና እጥበት አዘጋጅተናል፣ ብቅ ይበሉ» ብላቸው ነበር። ስለ ፍሬን መብራት አንድ ቃል አላነሳችም። እሳቸውም መኪናዋ አዲስ ናት፣ ንጹሕም ናት ብለው ሳይሄዱ ቀሩ።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሜክሲኮ ወዳለው የድርጅቱ ቢሮ አብረን ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ሽክ ያለ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ወጣት ነው። አስቀመጠንና የታሸገ ውኃ አቀረበልን።

«ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?» አልኩት።

«ደንበኞቻችን እንዳይደናገጡ ነው፣ እህቴ። የፍሬን ችግር አለ ከተባለ ወሬው ገበያ ያበላሻል። ደግሞ ፍሬኑ ምንም አልሆነም፤ መብራቱ ብቻ ነው።»

«መብራቱ የሚበራው ለማን ነው? ከኋላ ላለው አይደለም እንዴ? ከኋላ እኔ ነበርኩ፣ ልጆች ጭኜ።»

«ከኋላ ያለ አሽከርካሪ ርቀቱን መጠበቅ ይኖርበታል» አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» እያልኩት ነበር። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። «አንተ፣ በልደታ ቀን ማርያም ደጃፍ ርቀት ጠብቀህ ታውቃለህ? ክፍተት ከተውክ ታክሲ ይገባበታል። እኔ የማየው መብራቱን ነው። መብራቱ እንደማይበራ ደግሞ አንተ ታውቅ ነበር፤ አውቀህ ነው ዝም ያልከው» አልኩት። ድምፄን ሰምቶ ዘበኛው በሩን ከፍቶ አየን።

አቶ ሙሉጌታ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ለቀሩት ሰዎች ደውላችሁ የፍሬን መብራት ነው በሏቸው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አሉት። «ለበላይ አካል አቀርባለሁ» አለ። የእሳቸውን መኪና በዚያው ቀን ሠሩላቸው። አጥበውም ነው የመለሱላቸው።

ከዚያ ስንወጣ ሳልጠይቃቸው «የልጅቱ እናት ጋ ውሰጂኝ» አሉኝ። ዘይነባ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ነበር። አቶ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «የኔ እመቤት፣ ጥፋቱ የመኪናዬ ነው። እሷ ያየችውን ተናገረች፤ እኔና መንገደኛው ነን ውሸታም ያደረግናት» አሏትና ነገሩን ከሥሩ አስረዷት።

ዘይነባ በርጩማ አቀረበችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ አንቺ ለምን የኔ ነው አልሽ?»

«ሐያት እየደማች ነበር» አልኳት።

የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ «ሰኞ ደጅ ላይ ትጠብቅሻለች» አለችኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ገዢ እያየኝ አለቀስኩ።

ሐያት ተመልሳለች፤ ከሌሎቹም አብዛኞቹ ተመልሰዋል። ጠባሳው ግን ቅንድቧን ለሁለት ከፍሎታል። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እጇን ወደ ቅንድቧ ትሰዳለች። በመስታወቱ አያታለሁ፤ አይቼም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ለበላይ አካል ያቅርብ አያቅርብ የነገረኝ የለም። ስለዚህ የእነሱን ሥራ እኔ እሠራለሁ። ያ ዓይነት መኪና ትራፊክ መብራት ላይ አጠገቤ ከቆመ መስኮቴን አውርጄ ስለ ፍሬን መብራቱ እናገራለሁ። አንዳንዱ ልትጣላኝ ነው ብሎ መስታወቱን ይዘጋል። አንዳንዱ አመስግኖኝ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ መስታወቷን ዝቅ አድርጋ ሰማችኝ። በቀስታ ነበር የነገርኳት፣ እንዳትደነግጥብኝ። እሷም ፈገግ አለችልኝ። «አይ፣ ለእኔ እኮ ትናንት ደውለውልኛል» አለችኝ። «ነጻ ሰርቪስና እጥበት አለ፣ ሲመችሽ ብቅ በይ ብለው።»

ያኔ የጮኽኩት ጩኸት ልጆቹን ሁሉ አስደነገጣቸው።