ጤና አዳም እና የጧት ፀሐይ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ካለችው ጠባብ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የቅጠል ጭማቂ በካንሰር ሕዋሳት ላይ ጠብ አደርጋለሁ፣ መብራት አበራባቸዋለሁ፣ ከዚያ ስንቱ እንደሞተ አያለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው። አንዳንዱ ቅጠል ጨለማ ውስጥ ምንም አይሠራም፤ ብርሃን ሲያገኘው ግን ይነቃል። አንድ ጊዜ ጓንት ሳላደርግ ጤና አዳም ጨምቄ ፀሐይ ላይ ብወጣ፣ እጄ በማግስቱ ውኃ ቋጠረ። ሲድንም ቡናማ ጠባሳ ጥሎብኝ ሄደ።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ትክል ድንጋይ፣ አክስቴ ቤት ሄድሁ። እናቴ ከሞተች ወዲያ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠላ ይጠጣል። አፋቸው የማያርፍ አንድ ሽማግሌ፣ "ምነው አንተ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ተምረህ ቅጠል በጣሽ ሆንህ አሉ?" ብለው ሰዉን በሳቅ ፈጁት። ደሜ ፈላ። ሲቀልዱብኝ አልወድም፤ ከልጅነቴም አልወድም።

"አያ፣ የኔ ቅጠል ካንሰር ይገድላል! ጓሯችሁ ያለው ጤና አዳም ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሠራ ብታውቁ ኖሮ!" ብዬ ለፈለፍሁ። ሙከራው ሳህን ላይ እንጂ ሰው ላይ እንዳልሆነ፣ ገና ብዙ እንደሚቀረው፣ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ሳቁ ቆመ፤ እኔም ደስ አለኝ። አክስቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "እሰይ የኔ ሸጋ!" አለች።

ለካ ያን ጊዜ ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። ለማንም አልተናገረችም።

ለመስቀል ስመለስ፣ ከቀሚሷ አንገት ሥር ቆዳዋ ተልጦ ቡናማ ሆኖ አየሁ።

"እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ምች ነው ልጄ፣ ያልፋል" አለች ነጠላዋን ሳብ አድርጋ።

እኔም እሺ ብዬ የቀረበልኝን በላሁ። እግዜር ያሳያችሁ! ያንኑ ጠባሳ እጄ ላይ ይዤ እየዞርሁ፣ ሥራዬ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ምች ነው ስትለኝ አመንሁ። ለገና ሄጄም አየሁት። ያን ጊዜስ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰው መጣና ተውሁት።

በዐቢይ ጾም ሴት ልጇ ደወለች። "እማዬ ክንዷን ማንሳት አቃታት" አለችኝ። ሄጄ አክስቴን ይዣት ወደ ጎንደር መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ ነገረችኝ። ጧት ጧት ከቤቱ ጀርባ ጤና አዳም ወቅጣ ጡቷ ላይ ትለጥፋለች፣ ከዚያ ገልጣ ፀሐይ ታሞቀዋለች።

"አንተ ያልኸውን ነው ያደረግሁት። ደመና ካልሆነ በቀር አንድ ቀን አላጓደልሁም" አለች፣ ኮራ ብላ።

"ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?"

"መድኃኒት ሳያሽር ከተወራ ኃይሉ ይሄድ የለም እንዴ? ይኸን አጣኸው?"

አላጣሁትም። በእኛ አገር መድኃኒት የያዘ ሰው እስኪድን ድረስ ስሙን አይጠራም፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። መንገዱን ሙሉ እጇን እንደያዝሁ ጎንደር ገባን።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ወጣት ናት። ጡቷን ገልጣ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"እማማ፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?"

"እንግዲህ ዓመት ሊሆነው ነው።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያኔውኑ ብትመጣ ቆርጠው ሊያወጡላት ይችሉ እንደነበር፣ አሁን ግን ካንሰሩ ብብቷ ውስጥ እንደገባና ወደ ሌላም ሳይሄድ እንደማይቀር ነገረችኝ። ከዚያ የተቃጠለውን ቆዳ አየችና ተናደደች።

"ይኸን ቅጠል ማነው ያዘዘልዎት?"

አክስቴ አየችኝ። የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ፤ እሷ ቀደመችኝ።

"አንድ የሰፈር ሰው ነው። አላዋቂ ነው ልጄ፣ አትቆጪው።"

ሐኪሟ እየጻፈች ራሷን ነቀነቀች። "እናንተን የተማራችሁትን ነው እኮ እንዲህ ያለውን ሰው ምከሩልን የምንላችሁ" አለችኝ።

"እሺ" አልኋት።