ጥቁሩን ስንዴ የነቀልኩበት ክረምት

ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት እጃጂ አጠገብ በሚገኝ የገበሬ ማኅበር ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ሥራዬ ገበሬው ምርጥ ዘር እንዲዘራ ማድረግ ነበር።

እዚያ ባላቸው ሞቶባቸው አራት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት ሴት ነበሩ። "ሀርሜ" እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ማሳቸው ላይ ነጩም፣ ቀዩም፣ ጥቁሩም ስንዴ ተቀላቅሎ ይበቅላል። ለእኔ ዝርክርክነት ነበር።

"ይህን ይተዉትና ምርጡን ይዝሩ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ አንዱን በሽታ ሲመታው ሌላው ይተርፍልኛል።"

"ድብልቅ ዘር ምርት የለውም። ተምረነዋል።"

የተማርኩ ስለሆንኩ ብቻ አመኑኝ። መልሰው እንዳይዘሩት ፈርቼ፣ የቀረውን አሮጌ ዘር አስፈጭተው እንዲበሉት ያደረግኩትም እኔው ነኝ።

አዲሱ ስንዴ ሲያሸት፣ አምና ከረገፈ ፍሬ የበቀለ ጥቁር ስንዴ እዚህም እዚያም ብቅ አለ። ከአውራጃ ጎብኚዎች ሊመጡ ነበርና ማሳው አንድ ዓይነት እንዲመስል ቀኑን ሙሉ ስነቅል ዋልኩ። ሀርሜም አገዙኝ። ጎብኚዎቹ አይተው አጨበጨቡ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ገባ። በማሳው መሀል ሳልፍ ከአገዳው ላይ የተነሳው ዝገት መሳይ ዱቄት ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አቀላው። ተክሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር በሽታውን የሚያቆመው አልተገኘም። ድንበሩ ላይ ሳላያቸው የቀሩ ጥቂት ጥቁር ስንዴዎች ብቻ ደህና ነበሩ። ለፈተና ያጠናሁት ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው፦ በሽታው ራሱን ይለዋውጣል፤ ተክሎች ግን የተለያዩ ከሆኑ አንዳንዱ ይቋቋመዋል፤ የከርሞው ዘር የሚሆነውም ያ የተረፈው ነው። እኔ ደግሞ የሚተርፈውን ነቅዬ ጥዬዋለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው ልላቸው ሄጄ፣ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ።

"ዝናቡ በዛ፣ ሀርሜ።"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "አዎ፣ በዝቷል" አሉ።

ሪፖርቴም ላይ ዝናብ ብዬ ጻፍኩ።

እሳቸው የተረፈውን ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ጓሮ እየዘሩ አበዙትና ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳቸውን ለመሸፈን በቃ። ያን ዓመት ግን ቤታቸው የሚበላ አልነበረም። ትልቋን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥተው አዲስ ዓለም ዘመድ ቤት እንድታገለግል ላኳት።

ወደ አምቦ ከተዛወርኩ በኋላ አውቶቡስ ተራ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። ስለ እናቷ ጤና ጠየቅኋት፤ ደህና መሆናቸውን ነገረችኝ።

"ትምህርቱንስ ቀጠልሽ?"

"የት ተመልሼ" አለችና ፈገግ አለች። "እማዬ ሁልጊዜ ታነሳሃለች። ያ ልጅ ለኛ ብሎ ብዙ ደክሟል ትላለች።"

አውቶቡሷ እስኪነሳ አብሬያት ቆምኩ። ልነግራት የምችልበት ጊዜ ነበረኝ። አልነገርኳትም።