ዲቃላ ጥጃ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ በሚባለው ግቢ፣ ስለ እንስሳት ዘረመል አስተምራለሁ። አባቴ ኮላ ድባ አካባቢ ያሉ ቄስ ናቸው፤ ይቀድሳሉ፣ ያርሳሉ፣ ሰው በቀላሉ አያምኑም። ይህን ጠባይ ከእሳቸው ወርሻለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር።

ላማቸው ሁለት ዓመት ሳትወልድ ብትቆይ፣ ከወለደች ጥጃዋን ለደብሩ ሊሰጡ ተሳሉ። እኔም በስልክ፣ «ለምን አናዳቅላትም?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ዲቃላ ለታቦት ልንዳ?»

ሳቅሁ። ለእኔ ማዳቀል በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው የሥራ ቃል ነው። እሳቸው ግን ቃሉን የሚያውቁት ከጋብቻ ውጪ ስለተወለደ ልጅ በሹክሹክታ ሲወራ ነው። «ዘሩ የአገራችን ኮርማ ስለሆነ ዲቃላ አይወለድም» ብዬ አግባባኋቸው።

አዳቃይ ባለሙያው በመጣ ቀን እኔም ከጎንደር ወረድሁ። ቀዝቃዛ እንፋሎት ከሚተንበት ዕቃ የእስክርቢቶ ቀፎ የሚያህል ቀጭን ቱቦ አወጣ። አባቴ ዙሪያውን ቃኙ።

«ኮርማው የታለ?»

«ዘሩ እዚህች ውስጥ ነው፣ አባ» አለ አዳቃዩ።

«ከዚህስ ወዲያ ምን ትሠራላችሁ?»

ለተማሪዎቼ የምለውን ነገርኳቸው። ሰው መጀመሪያ ከብቱን በዓይኑ መርጦ ያራባ ነበር፤ ቀጥሎ የኮርማ ዘር አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ቻለ፤ ከዚያ በአይጥ እንቁላል ውስጥ በመርፌ ባዕድ ዘረመል አስገባ፤ ከአንዲት በግ የጡት ህዋስ አምሳያዋን አስወለደ፤ ዛሬ ደግሞ ዘረመሉን መርጦ ይቆርጣል። ባልናገር ይሻል ነበር።

«እንግዲያ ይሄ ያልተነካካ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ተጽፎበታል።»

«ማን ጻፈው?»

ተናደድሁ። «ይመኑኝ እንጂ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«እሺ፤ አንቺን ብዬ ነው።»

ጥጃው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተወለደ፤ ቁርጥ የፈረንጅ ላም። ዘረመሉን የቆረጠው እንደሌለ አውቃለሁ፤ የገባው የሌላ ኮርማ ዘር ነው። አዳቃዩን ጠረጠርሁት፤ ደውዬም አፋጠጥሁት።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለኝ። «እርስዎም እኮ እዚያው ቆመው ነበር።»

እውነቱን ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም። ሰውየው የሚናገረው በእኔው የሙያ ቋንቋ ስለነበር አመንኩት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

አባቴ አልተቆጡም። የደብሩ ክብረ በዓል ሲደርስ ጥጃውን ትተው፣ ከሚያርሱባቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ነድተው ሰጡ። በዚያ ክረምት የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ተራ እየጠበቁ አረሱ።

ሰው ስለ ጥጃው ሲጠይቃቸው፣ «ልጄ አልዋሸችኝም፤ አታውቅም ነበር» ይላሉ።

ዋሸችኝ ቢሉ ይሻለኝ ነበር።