የበሩ ችካል

ባሌ የሞተው ለቤት መሥሪያ ቦታ ቀብድ ከሰጠን ብዙም ሳይቆይ ነው። ሁለታችንም ከሌላ አገር ተመድበን አሰላ የመጣን አስተማሪዎች ነን፤ ዕድሜያችንን በኪራይ ቤት የጨረስን። ከከተማው ዳር ገብስ ሲዘራበት የኖረ ባዶ ቦታ ስናገኝ እሱ ልጅ ሆነ። እሁድ እሁድ እየሄደ በእርምጃ ይለካዋል። እኔ አሾፍበታለሁ።

ሲሞት አላለቀስኩም። በለቅሶው ሰሞን ሴቶቹ "አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" እያሉ ሲወተውቱኝ እኔ የማየው የድንኳኑን ገመድ ነበር፤ ላልቶ ዝናብ ያስገባል፣ የሚያጠብቀው ሰው ጠፋ ብዬ እናደዳለሁ። ከዚያ በኋላም ክፍል ገባሁ፣ ፈተና አረምኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። የጥርስ ሐኪም መርፌ ያደነዘዘው መንጋጋ ሆንኩ፤ ቢነክሱትም የራስ አይመስልም።

የባሌ ወንድም ደወለና፣ "ብቻሽን ምን ቤት ትሠሪያለሽ? ቀብዱን አስመልሺና ወደ አገርሽ ግቢ" አለኝ። እሺ አልኩት። ያን ሰሞን ለሁሉም ሰው እሺ ነበር የምለው። መግዛቱም መተዉም እኩል ሆኖብኛል። ባሌ ያን ያህል የተመኘውን ቦታ ልተወው ስነሳ ትንሽ እንኳ አለመከፋቴ ግን አስፈራኝ። ከእሱ ጋር እኔም የሞትኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦታውን መተዌን ልነግራቸው ወደ ባለቦታው ሽማግሌ ሄድኩ። አዋሳኝ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው፣ ችካል አዘጋጅተው ቆመው አገኘኋቸው። ርክክቡ ለዚያ ቀን መቀጠሩን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ ቀጠሮውን ግን አልሰረዙትም።

"መጣሽ ልጄ? ጎሽ" አሉኝ።

"አባባ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት…" ብዬ ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤት ግን ክንዴን ይዛ መራመድ ጀምራለች። በዚያ ሰፈር ቦታ በወረቀት ብቻ አይረከቡትም። አዋሳኞች ከገዢው ጋር ዙሪያውን ይዞራሉ፣ በየጥጉም ችካል ይመታል። ጤዛው ጫማዬን አራሰው። የሚቀጥለው ጥግ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ የሚቀጥለው ጥግ ላይ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዞረን ጨረስን። ያላወራሁት አስቤበት አይደለም፤ አፌን መክፈቱ ሰልችቶኝ ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌው አንዲት የቀረች ችካል እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ይሄ የበሩ ነው። ይሄን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚተክለው። በርሽ ወዴት ይዞራል? ጎረቤት አውቆ መንገድ ይተውልሽ።"

በዚህች በር ከባሌ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! እሱ ወደ ጭላሎ ትዙር ይላል፤ ጠዋት ከፍቼ ተራራውን ልየው። እኔ ደግሞ ብርዱን ማን ሊችለው ነው፣ ወደ መንገዱ ትሁን እላለሁ። አንድም ቀን ተሸንፎልኝ አያውቅም። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ፣ ድምፁ አልወጣ እያለው፣ "ወደ ጭላሎ ነው" ብሎ ስቆብኛል።

ሄድኩና ችካሏን በመንገዱ በኩል ተከልኳት። ድንጋይ አንስቼ እስክትጠብቅ መታኋት። ከዚያ ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ እኔም አላወቅሁም።

"ጥሩ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ናጋን ጂራዳ። በሰላም ኑሪበት።"

ጎረቤቶቹ አሜን አሉ።

የሚከራከረኝ ሰው አልነበረም። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አልኩና፣ "ወደ ጭላሎ ነው በለኝ እንጂ! በለኝ እንጂ!" እያልኩ ሰው ፊት ጮኼ አለቀስኩ።