ከወይራ አምባ የወጣ ጎጆ

ዓርብ ንጋት፤ ባሕር ዳር

ገና ጎህ ሳይቀድ አባቴን ይዤ መናኸሪያ ደረስሁ። ኅዳር ነው፤ ከሐይቁ የተነሣው ጉም የመንገዱን መብራት ሸፍኖታል። ረዳቶቹ «ሐሙሲት! አንበሳሜ! ደብረ ታቦር!» እያሉ ይጮኻሉ። አባቴ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። አሁን ወንዛዬ ፍልውሃ ወርደው ሊከርሙ ነው። እኔ እሳቸውን አድርሼ ወደ ደብረ ታቦር እቀጥላለሁ፤ ባሌ እዮብ ዘንድ። ለምን በድንገት እንደምሄድ አልነገርኋቸውም። ምክንያቱ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው።

እዮብ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ምሕንድስና ያስተምራል። እኔ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ጣራ ሥር ያደርነው በበዓልና በእረፍት ብቻ ስለሆነ፣ በጨዋታ ውስጥ አንድ መንደር አቋቋምን። የጥንት ዘመን መንደር ነው። ጠላት አይመጣበትም፤ የሚገድለው ብርድና ረሃብ ነው። ባዶ መሬት ላይ ጥቂት ቤተሰብ ይሰጥሃል፤ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ታሳርሳለህ፣ ጎተራ ታሠራለህ። ገበያ የሚባል ነገር የለም፤ ያላመረቱትን አይበሉም። ደግሞም ዝግ ያለ ነው፤ አንዱን የበረዶ ወራት ለማሻገር ብዙ ምሽት ይፈጃል። መንደሩን ወይራ አምባ አልነው። ለነዋሪዎቹ የዘመድና የጎረቤት ስም አወጣንላቸው፤ ዳር ላይ ባለችው ጎጆ ያሉትን ባልና ሚስት ደግሞ በራሳችን ስም ጠራናቸው። በሥራ ቀናት እዮብ ያስተዳድራል፤ ቅዳሜና እሑድ ፋይሉን ይልክልኝና ተራው የእኔ ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ ፋይሉን ስከፍተው ያች ጎጆ ባዶ ነበረች።

ውርጭ ቀድሞ ወርዶ ገብሱን መትቶታል፤ በጎተራው ያለው እህል እስከ አዲሱ አዝመራ አያደርስም። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው ሁለት መንገድ ይሰጣል፤ የእርሻ በሬ ማረድ፣ ወይም ከነዋሪው ስንቅ አስይዞ ማሰናበት። እዮብ እኔን ሳይጠይቅ አሰናብቷል። ያሰናበተው ደግሞ እኛን ነው።

ደወልሁለት። «ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ። ስለ ወይራ አምባ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ረፋድ፤ ወንዛዬ

ከሐሙሲት ወንዛዬ ያደረሰን ባጃጅ የአባቴን ፍራሽ በጣራው፣ የዱቄት ከረጢታቸውን በእግሬ ሥር ጭኖ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ እየታጨደ ነው። ፍልውሃው ዘንድ የሣር ዳሶች ተደርድረዋል፤ ከየዳሱ ደጃፍ ጀሪካን፣ የተሰጣ ልብስ፣ የተጠቀለለ ሰሌን። ከውኃው የሚወጣው እንፋሎት የዝገት ሽታ አለው። እጃቸው በፋሻ የታሰረ ሴትዮ በሁለት ሰው ተደግፈው ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ይወርዳሉ።

ለአባቴ ዳስ ተከራይቼ ፍራሻቸውን ዘረጋሁ።

«ባልሽ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው አባዬ።»

«ዓርብ ሥራ አልነበረሽም?»

«አስፈቅጄ ነው።»

«ደኅና ለሆነ ሰው ሥራ ተፈትቶ አይኬድም» አሉና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ነጠላዬን አስተካክዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ቀትር፤ አንበሳሜ

የአንበሳሜ ገበያ ቆሟል። የኑግና የገብስ ከረጢት፣ የታሰረ በግ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከሾፌሩ ጋር ሻይ ጠጣን። ሾፌሩ ቀጠን ያለ፣ ወሬ ወዳድ ሰው ነው። ወዴት እንደምሄድ ጠይቆ ባሌ መምህር መሆኑን ሲሰማ፣

«የየት አገር ልጅ ነው?» አለኝ።

«የሆሳዕና።»

«እንግዲያ ቶሎ ድረሽበት እቴ!» ብሎ ሳቀ። «ከቆላ የሚመጡት መምህራን እኮ አንድ ዓመት ይቆያሉ፤ በሁለተኛው ብርዱ ይሸኛቸዋል። ዕቃቸውን የማወርደው እኔ አይደለሁ?»

ሆሳዕና ቆላ እንዳልሆነ አልነገርሁትም። ከአንበሳሜ በላይ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ ሄደ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዶሮ አቅፈው አንቀላፍተዋል። እኔ የሾፌሩን ነገር እያብሰለሰልሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፤ ደብረ ታቦር

እዮብ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ወፍራም ጃኬት፣ ያልተላጨ ጺም። ጾም ስለሆነ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ተጋቢኖ አዘዝን። ሽሮው ገና እየተንተከተከ ሳለ ተናገረ።

«ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ። ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ነው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ጎጆዋን ከማስወጣቴ በፊት።»

እንጀራውን ቆርሼ ያዝሁት እንጂ አልጎረስሁም። «አንተ ልትሄድ ነው ማለት ነው» አልሁት።

«አይደለም። ለብቻዬ መውጣት እችል ነበር፤ ጨዋታው ባልን ብቻ ማሰናበት ይፈቅዳል። እኔ ሁለታችንንም ነው ያወጣሁት።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ብጠይቅሽ አባባን ጥዬ የት እሄዳለሁ ትዪኝ ነበር።»

«እል ነበር። መልሱ ግን የእኔ ነበር። አንተ በኮምፒውተር ነገርኸኝ፤ እኔ መኪና ተሳፍሬ መጣሁ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። አስተናጋጇ ቃሪያ ጨመረችልን። «ፈርቼ ነው» አለ። «እዚህ ብቆይም አንድ ቤት አይኖረንም፤ ብሄድም እንዳላጣሽ ፈራሁ።» ተቆጥቼ ስለነበር እጁን አልያዝሁም።

ምሽት፤ የእዮብ ቤት

የተከራየው ክፍል አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የመጽሐፍ ክምር ነው። ገና አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ቻርጅ ነበረው። ጎጆዋ ሳትወጣ በፊት የተቀመጠውን ፋይል ክፈተው አልሁት፤ ብርድ ልብስ ደርበን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወይራ አምባን በአንድ ስክሪን አብረን ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

«በሬው ይታረድ» አልሁት።

«በምን እናርሳለን?»

«በቀረው። ግማሹ መሬት ጦም ይደር። ማንም አይውጣ።»

አሰበበት፤ በመጨረሻ ትእዛዙን ሰጠ። በረዶው ወረደ። እኔ ብሆን ጊዜውን አፋጥነው ነበር፤ እዮብ ግን ያዘገየዋል። በየምሽቱ ሰዎቹ ከእንጨት ለቀማ ሲመለሱ ጨዋታውን አቁሞ፣ በየበሩ እየዞረ ማን እንደገባ፣ ማን እንደቀረ ያያል። ስማቸውን አንድ በአንድ በሹክሹክታ ይጠራል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ካልቆጠርኋቸው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

በአያቱ ስም የጠራነው ሽማግሌ በብርዱ መሐል ሞተ። ሌሎቹ ተረፉ። በረዶው ሲቀልጥ አንድ ሰው ከተጣማጁ በተለየ በሬ ግማሽ ማሳ ማረስ ጀመረ፤ ሥራው በጣም ይጎተት ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ሳናስቀምጠው ጠፋ። ማናችንም መብራት ሲመጣ እንደገና እንክፈተው አላልንም።

እጁን የያዝሁት ያን ጊዜ ነው። «ሰኞ እሺ በላቸው» አልሁት። «ለአባዬ የምነግራቸው ግን እኔ ነኝ። አንተ አትደውልላቸው።»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፤ ወንዛዬ

አባቴ ታጥበው ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው ቀላ ብሏል። ስለ ሐዋሳ፣ ስለ ሥራው፣ ከእኛ ጋር ቢመጡ ደስ እንደሚለን ነገርኋቸው።

«እኔስ አልመጣም» አሉ። «እስቴ ሄጄ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ። የእናትሽ መቃብርም እዚያው ነው።»

«አባዬ፣ እንደጣልሁዎ እንዳይመስልዎ።»

«ማን ጣልሽኝ አለ? ያገባሽ ለት ነው የሸኘሁሽ፤ አንቺ ነሽ የዘገየሽ።»

ለመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት ወደ መንገዱ ሊሸኙኝ ተነሡ። ባጃጁ ከሚቆምበት ዋርካ ሥር ስንደርስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እናትሽን ሳመጣት» አሉኝ፣ «አባቷ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙን። እዚያ ሲደርሱ መረቁን፣ ተመለሱ። ዞረው አላዩንም። እሷ ስታለቅስ ዋለች። እኔም፣ እንዴት ያሉ ጨካኝ ሰው ናቸው ብዬ ኖርሁ። ለካ ዞሮ ያየ ሰው ልጁን ይመልሳል።»

ግንባሬን ሳሙኝ። «እግዚአብሔር ጎጆሽን ያቅናልሽ» ብለው፣ እርጥብ ፎጣቸውን በትከሻቸው ጥለው ወደ ፍልውሃው ቁልቁል ሄዱ። ባጃጁ መጥቶ ቆመ፤ ነጂው ልጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀኝ። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ ነበር። ጋቢያቸው በእንፋሎቱ ውስጥ እየነጣ፣ እየሳሳ ሄደ። አልዞሩም።